ፒንግ መለሰ ብላችሁ መስመር አታስረክቡ

ሰላም ልጆች። ደሴም ሁኑ ኮምቦልቻ፣ ወልድያም ሁኑ ላሊበላ፣ የኔትወርክ ሥራ ለጀመራችሁት ነው የምጽፈው። ዕድሜዬን የፈጀሁት መስመር በመዘርጋትና በማስረከብ ስለሆነ ይቺን ሳልነግራችሁ መቅረት አልፈልግም።

አሠራሩን ታውቁታላችሁ። ፋይበሩ ይገጠማል፣ አረንጓዴዋ መብራት ትበራለች፣ ላፕቶፕ ይከፈታል፣ ፒንግ ይደረጋል (ትንሽ መልእክት ወደ ወዲያኛው ጫፍ ይላካል)፣ መልስ ይመጣል። ደንበኛው ይፈርማል፣ መኪናው ይነሳል። በማግስቱ ስልክ ይደወላል፦ «ኧረ ኔትወርኩ ይንቀራፈፋል!»

ፒንግ ምን እንደሚልክ አስቡት እስኪ። ዊንዶውስ ላይ ዝም ብላችሁ ስታደርጉት 32 ባይት ዳታ ነው፣ ያውም በሰከንድ አንዴ። ሌሊት አንዲት ባዶ ሚኒባስ ሐረጎን ስለወጣች መንገዱ የቀኑን ተሳቢ ሁሉ ይችላል አይባልም።

ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ የገጠመኝን ልንገራችሁ። 100 ሜጋ መስመር ገብቶለታል። ጠዋት ጠዋት ደህና ነው፣ ሠራተኛው ገብቶ ፋይል መላላክ ሲጀምር ግን ድርቅ ይላል። ያስረከቡት ልጆች እየተመላለሱ ፒንግ ያደርጉና «መስመሩ ጤነኛ ነው» ብለው ይሄዳሉ። ስዊቹ (መስመሮቹን የሚያገናኘው ዕቃ) ውስጥ ገብቼ ሳይ አንደኛው ጫፍ በእጅ 100 ፉል ዱፕሌክስ (ባንዴ መላክም መቀበልም) ላይ ተቆልፏል፣ ሌላኛው ኦቶ (ከወዲያኛው ጋር ተነጋግሮ ራሱ እንዲያስተካክል) ላይ ነው። ኦቶ ላይ ያለው ከወዲያ ምላሽ ሲያጣ ፍጥነቱን ይለያል፣ ዱፕሌክሱን ግን መለየት ስለማይችል ወደ ሃፍ (በየተራ መላክና መቀበል) ይወርዳል። አንዱ በፈለገው ሰዓት ይልካል፣ ሌላው መስመሩ ዝም እስኪል ይጠብቃል፤ ትራፊኩ ጥቂት ሲሆን እምብዛም አይጋጩም፣ ሲበዛ ግን መጋጨት ነው ሥራቸው። የሲአርሲ ኤረር (ተበላሽቶ የደረሰ ዳታ) ቁጥሩ ዓይኔ እያየ ይጨምር ነበር። ከመፈረሙ በፊት መስመሩን ለደቂቃዎች ብቻ ሙሉ ጭነት ቢያስጎትቱት ኖሮ እዚያው ይታይ ነበር።

ለዚህ ሥራ ደረጃ ወጥቶለታል። ብዙዎቻችሁ የምታውቁት አርኤፍሲ 2544 የሚባለውን የኢንተርኔት ሰነድ ነው። እሱ በ1999 የወጣው መሣሪያን ላቦራቶሪ ውስጥ ለመፈተሽ ነው፤ ሰው እየሠራበት ባለ ኔትወርክ ላይ እንዳይነዳ ደግሞ በ2012 በአርኤፍሲ 6815 በግልጽ ተጽፏል። ለማስረከቢያ የሚሆነው አይቲዩ (ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት) በ2011 ያወጣው ዋይ 1564 ነው። መጀመሪያ እያንዳንዱን አገልግሎት ለብቻው ደረጃ በደረጃ እየጨመራችሁ እስከ ተዋዋላችሁት ፍጥነት ታደርሱታላችሁ፣ ከዚያ ትንሽ ታሳልፉትና ገደቡ መሥራቱን ታያላችሁ። ቀጥሎ ሁሉንም አንድ ላይ ትለቃላችሁ፤ 15 ደቂቃ፣ 2 ሰዓት ወይም 24 ሰዓት። ፍጥነት፣ መዘግየት፣ ጂተር (የመዘግየቱ መዋዠቅ) እና የፍሬም (ዳታው ተከፋፍሎ የሚላክበት ጥቅል) መጥፋት ባንዴ ይለካሉ።

የፍሬም መጠን ላይ አትስነፉ። በ1 ጊጋ መስመር ላይ ባለ 64 ባይት ፍሬም በሰከንድ ወደ 1.49 ሚሊዮን ያልፋል፣ ባለ 1518 ሲሆን ግን 81 ሺህ ገደማ ብቻ ነው። ትልቁን በደንብ የሚያሳልፍ ዕቃ ትንንሹ ሲበዛበት ሊታነቅ ይችላል። የተገላቢጦሹም አለ፦ የቪላን ታግ (ፍሬሙ የየትኛው ንዑስ ኔትወርክ እንደሆነ የሚናገር ምልክት) 4 ባይት ስለሚጨምር ትልቁ ፍሬም 1522 ይሆናል። መሃል ላይ ይሄን የማይቀበል ዕቃ ካለ ድምፁን አጥፍቶ ይጥለዋል። ፒንጋችሁ ግን አሁንም «ደህና ነኝ» ይላል።

መዘግየትንም ከርቀቱ ጋር አያይዛችሁ ነው የምታነቡት። ብርሃን በፋይበር ውስጥ ለ1 ኪሎ ሜትር 5 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ስለዚህ ደርሶ መልሱ ለብርሃኑ ብቻ ወደ 4 ሚሊ ሰከንድ ነው። ዕቃዎቹ ትንሽ ይጨምሩበታል። 40 ካያችሁ ግን ወይ መስመሩ ዞሮ ነው የሚሄደው፣ ወይ የሆነ ቦታ ወረፋ አለ። ሳትጠይቁ አትለፉት።

ደግሞ በሁለቱም አቅጣጫ ለኩ። ሉፕባክ አድርጋችሁ (ወዲያኛው ጫፍ የላካችሁትን መልሶ እንዲልክ) ከአንድ ጫፍ ብቻ ስትለኩ ፍሬም ቢጠፋ በመሄጃው ይሁን በመመለሻው አታውቁም። የምትለኩትም ደንበኛው በሚሰካበት ፖርት ላይ ይሁን፣ የራሳችሁ ራክ ላይ አይደለም።

ቴስተር (የመስመር መለኪያ መሣሪያ) የለንም ለምትሉ፣ አብሽሩ። አይፐርፍ የሚባል የመስመር መለኪያ ሶፍትዌር በነፃ ይገኛል። ሁለት ላፕቶፕ በሁለቱ ጫፍ አስቀምጡና በዩዲፒ (መድረሱን ሳይጠብቅ ዝም ብሎ በሚልከው ስልት) ንዱት፣ የጠፋውንና ጂተሩን ይነግራችኋል። ላፕቶፕ ትንንሹን ፍሬም በሙሉ ፍጥነት መተኮስ ስለማይችል ቴስተሩን አይተካም፣ ከፒንግ ግን በብዙ ይሻላል።

አለቃ «ቶሎ ጨርሱ» ይላል፣ አውቃለሁ። አሥራ አምስት ደቂቃ ለምኑት። ሰዎቹ በዚያ መስመር ደመወዝ ይከፍሉበታል፣ ሐኪም የበሽተኛ ፎቶ ይልክበታል።

ውጤቱን በወረቀት አስቀሩት፦ ቀኑን፣ የፍሬሙን መጠን፣ የደረሰበትን ፍጥነት፣ የጠፋውን በየአቅጣጫው፣ ፖርቶቹ በምን ላይ እንደተስተካከሉ። አንዱን ቅጂ ለደንበኛው ስጡ፣ አንዱን ያዙ። ከወራት በኋላ «ቀነሰብን» ብለው ሲደውሉ ያንኑ ለክታችሁ ታስተያያላችሁ፣ ስዊች ወይም ፖርት የተቀየረ ዕለት ደግሞ ከነጭራሹ አዲስ ትሞላላችሁ።