የሜትኮ ዕጣ፦ ከቦስተን ወደ ዳርቻ ከተሞች

ጥያቄ፦ የምንኖረው ቦስተን ዶርቸስተር ነው። ልጄን በሜትኮ አስመዝግቤ ሌክሲንግተን ወይም ኒውተን ማስተማር እፈልጋለሁ። መኪና የለኝም፤ ምን ልወቅ?

መልስ፦ ሜትኮ በ1966 እ.ኤ.አ. በ220 ተማሪዎችና በ7 የዳርቻ ከተሞች የተጀመረ፣ የቦስተን ልጆችን በዙሪያው ባሉ የዳርቻ ከተሞች የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሚያስተምር፣ በፈቃደኝነት ላይ የቆመ ፕሮግራም ነው። ቤተሰብ አይከፍልም፤ አውቶቡሱም ነፃ ነው። ድሮ ወላጆች ልጁ ገና ሲወለድ ተራ ያስይዙ ነበር፤ አሁን በዕጣ ሆኗል። ስለዚህ «ቀድሜ ተመዝግቤያለሁ» ማለት ዋጋ የለውም፤ ኒውተንን ብቻ ብለውም አይጠብቁ።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው በአድራሻ ነው። ልጁ የቦስተን ነዋሪ መሆን አለበት። የቤት ኪራይ ውልና የመብራት ሂሳብ ላይ ያለው ስምና አድራሻ ከማመልከቻው ጋር ፊደል በፊደል ይግጠም፤ «ተስፋዬ» በእንግሊዝኛ በሁለት ዓይነት ከተጻፈ አስቀድመው ያስተካክሉ። ዕጣው ከወጣ በኋላ ከቦስተን ውጭ ቤት መቀየር ቦታውን ሊያሳጣ ይችላል።

ከሁሉ የሚከብደው መንገዱ ነው። ልጁ ገና ሳይነጋ ይነሳል፤ ክረምት ላይ በረዶው ሲከመር አውቶቡሱ ይዘገያል። ከመፈረምዎ በፊት የከተማውን የሜትኮ ዳይሬክተር ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ አውቶቡሱ የት ጥግ በስንት ሰዓት ይቆማል? ከትምህርት በኋላ ኳስ ለሚጫወት ልጅ የማታ አውቶቡስ በየትኞቹ ቀናት አለ? ልጁ ቀትር ላይ ትኩሳት ቢይዘው ማን ያመጣዋል? መኪና ለሌለው ሰው ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል። በብዙዎቹ የዳርቻ ከተሞች ልጁን የሚቀበሉ በጎ ፈቃደኛ ቤተሰቦች ስላሉ፣ ስልካቸውን በመጀመሪያው ሳምንት ይያዙ። ለወላጅ ስብሰባ የአማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅም መብትዎ ነው፤ ልጅዎን አስተርጓሚ አያድርጉት።