ጥያቄና መልስ፦ ከሥራ መልስ የሚደርስ የታይ ምግብ

ማታ ደክሟችሁ ገብታችሁ በግማሽ ሰዓት ስለሚደርስ የታይ ምግብ ጠይቁኝ። ሩዝ መቀቀል ትችላላችሁ ብዬ ነው የምጀምረው።

ሄለን፦ እህቴ፣ ልጆች እግሬ ሥር እያለቀሱ ነው የማበስለው። ከሁሉ ፈጣኑ የቱ ነው?

መልስ፦ ፓድ ክራፓው፣ ማለትም በክራፓው (የታይ በሶብላ ዓይነት) ቅጠል የሚጠበስ የተፈጨ ሥጋ! ባንኮክ ውስጥ ምን እንደሚበላ ግራ የገባው ሰው የሚያዘው እሱን ነው። ሩዙን ጣጂና አራት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት ከትንንሿ ቀይ ቃሪያ ጋር በሙቀጫ ውቀጪ። እንዳይልም፣ ሸካራ ይሁን። አንድ የሾርባ ማንኪያ የዓሣ ሶስ፣ አንድ የኦይስተር ሶስ፣ ግማሽ ሶያ ሶስና ቆንጠር ያለ ስኳር በስኒ ቀላቅዪ። ይሄ ሁሉ የመጥበሻው እሳት ከመለኮሱ በፊት ነው። አሁን መጥበሻው በደንብ ይጋል። ዘይት፣ ከዚያ የተወቀጠው። ሽታው ሲያውድሽ 300 ግራም የተፈጨ ሥጋ ጨምሪ። ቶሎ ቶሎ አታማስዪው፣ ከሥሩ ቡናማ ይሁን። ሶሱን አፍስሺ፣ እሳቱን አጥፊ፣ አንድ እፍኝ የክራፓው ቅጠል ነስንሺበት። ለልጆቹ ያለ ቃሪያ ሥሪው። ለራስሽ ቃሪያ ከትፈሽ በዓሣ ሶስ ዘፍዝፊ፤ ታዮችም እንዲህ አድርገው ገበታ ላይ ያስቀምጡታል። መጥበሻውን ብቻ አታጨናንቂው።

ዳዊት፦ ቅጠሉ ከሌለስ? በሶብላ ይሆናል?

መልስ፦ ትኩሱ ይሆናል። ሽታው ይለያል፣ ግን ያስኬዳል። የደረቀውን ለወጥ ተወው።

ማርታ፦ ለጾምስ?

መልስ፦ በሥጋው ፈንታ ቶፉ ወይም እንጉዳይ። የዓሣ ሶሱን በሶያ ሶስና በጨው ተኪ። ኦይስተር ሶስ ከባሕር እንስሳ ነው የሚሠራው፤ ከእንጉዳይ የተሠራ አለ፣ እሱን ግዢ። የታሸገ የከሪ ፔስት (ተወቅጦ የተለወሰ የታይ ቅመም) ውስጥም ብዙ ጊዜ ሽሪምፕ የሚባል የባሕር እንስሳ አለበት። ጀርባውን ሳታነቢ አትግዢ።

ብሩክ፦ ዓሣ በጾም ይበላ የለ እንዴ?

ማርታ፦ እኛ ቤት አይበላም።

ብሩክ፦ እኛ ቤት ይበላል፣ እናቴም ትበላለች።

መልስ፦ ይሄን ለንስሐ አባቶቻችሁ። ወደ መጥበሻው እንመለስ።

ናሆም፦ ሥጋው ውሃ አውጥቶ ተቀቀለብኝ። ለምን?

መልስ፦ ስንት ነበር?

ናሆም፦ ኪሎ።

መልስ፦ አታጨናንቁት አልኩ እኮ! መጥበሻው ይቀዘቅዛል፣ ሥጋው በራሱ ውሃ ይፈላል። ሦስት ጊዜ ከፍለህ ጥበስ።

ሰናይት፦ ግሪን ከሪን፣ ያን በኮኮናት ወተት የሚሠራ የታይ ወጥ፣ በታሸገ ፔስት መሥራት ነውር ነው?

መልስ፦ በፍጹም። ነውሩ ፔስቱን ውሃ ውስጥ በጥብጦ ማፍላት ነው። የኮኮናት ወተቱን ጣሳ ሳትንጪ ክፈቺ። ከላይ የረጋውን ክሬም በማንኪያ አውጥተሽ መጥበሻ ላይ አሙቂ። ቁሌት ዘይቱ እስኪወጣ እንደምትጠብቂው፣ ይሄም ጠርዙ ላይ ዘይት ጠብ ጠብ ሲል ፔስቱን ጨምረሽ ጥበሺ። ዘይቱ አልለይ ካለ ወተቱ እንዳይለያይ የሚያደርግ ነገር ተጨምሮበት ይሆናል፤ አንድ ማንኪያ ዘይት ጣል አድርጊበት። ከዚያ ዶሮው፣ የቀረው ወተት፣ ትንሽ የዓሣ ሶስ። ዶሮው ሲበስል አለቀ።

ኪዳን፦ ጤናማ የታይ ምግብ ንገሪን።

መልስ፦ ጤናማ ስትል ምን ማለትህ ነው? ስኳር ነው? ዘይት? ጨው? ለይተህ ጠይቅ።

ዮናስ፦ ፓድ ታይ?

መልስ፦ ለቅዳሜ አቆየው። የሩዝ ኑድሉ መዘፍዘፍ አለበት፣ ታማሪንዱ (ኮምጣጣው ፍሬ) መጨመቅ አለበት። በኬቻፕ እተካለሁ ካልክ ግን እኔን አትጠይቀኝ። የሠራህም ቀን በአንዴ ለአንድ ሰው ብቻ፣ መጥበሻውን አታጨናንቀው።

ቤዛ፦ ፈጣኑ የቱ ነው?

መልስ፦ ከላይ አንብቢ።

ሄለን፦ ፓድ ክራፓው ላይ የሚቀመጠው እንቁላል ጠርዙ አልደርቅ አለኝ።

መልስ፦ ዘይት ሰስተሻል። የጣት ውፍረት ይሙላ፣ በደንብ ይጋል። እንቁላሉን ስትሰብሪበት ወዲያው ካልተንጣጣ ዘይቱ ገና ነው። ትኩሱን ዘይት በማንኪያ እየቀዳሽ ነጩ ላይ አፍስሺ፣ አስኳሉን አትንኪው። ጠርዙ ወርቅማ ሲሆን አውጪ።