የተረፈው የቆዳ ክሬም ለማን ይሆናል?

የአንባቢያን የጤና ጥያቄዎችና የፋርማሲ ባለሙያ መልስ

ጥያቄ፦ ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፤ የአዘዞ ነዋሪና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ባለፈው ወር በቀኝ እጄ አንጓ ላይ ችፌ ወጥቶብኝ ሲያሳክከኝ ከቆየ በኋላ ውሃ እያዠ ቢጫ ቅርፊት ስላበጀ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ቤታሜታዞንና ፉሲዲክ አሲድ ያለበት ባለ 15 ግራም ክሬም ታዘዘልኝና ጧትና ማታ ለ7 ቀን እንድቀባ ተነገረኝ። በሦስተኛው ቀን ማሳከኩ ስለጠፋ ላቆም ነበር፤ ባለቤቴ ግን «የታዘዘውን ጨርሺ» ብሎ አስጨረሰኝ። አሁን ድኛለሁ፤ የቱቦው ግማሽ ግን አልተነካም። ታናሽ እህቴ ደግሞ «ፊት ያጠራል» ብለዋት ይህንኑ ክሬም ያለ ማዘዣ ገዝታ ለማዲያቷ መቀባት ከጀመረች ወራት አልፈዋል። መጀመሪያ ፊቷ ጠርቶ ነበር፤ ዛሬ ግን አንድ ቀን ካልተቀባች ይቀላል፣ ይለበልባታል። የ8 ወር ልጄም ፓምፐርስ የሚያርፍበት ቦታ ቀልቶበታል። ከተረፈኝ ልቀባው? የቀረውንስ ለሌላ ጊዜ ላስቀምጠው?

መልስ፦ እህቴ፣ የጠየቁት ሁሉ የሚመጣው ከአንድ ቱቦ ስለሆነ በቅድሚያ በውስጡ ያለውን እንመልከት። ቤታሜታዞን ስቴሮይድ ነው። ሥራው የቆዳን መቆጣት፣ ማለትም መቅላቱን፣ ማበጡንና ማሳከኩን ማብረድ ሲሆን ባክቴሪያም ሆነ ፈንገስ አይገድልም፤ እንዲያውም በተቀባበት ቦታ ላይ ቆዳው ራሱን የሚከላከልበትን አቅም ያዳክማል። ፉሲዲክ አሲድ ደግሞ አንቲባዮቲክ ነው፤ በተለይ ስታፊሎኮከስ የሚባለውንና እርስዎ ያዩትን ዓይነት ቢጫ ቅርፊት ብዙ ጊዜ የሚያመጣውን ባክቴሪያ ያጠቃል እንጂ ፈንገስን፣ ቫይረስን ወይም የእከክ ተባይን አይነካም። ሁለቱ በአንድነት የሚያስፈልጉት እንግዲህ በተቆጣ ቆዳ ላይ ባክቴሪያ ሲደረብበት ብቻ ነው። የእርስዎ እጅ እንደዚያ ነበር። ማዲያት ግን ባክቴሪያም የለበትም፣ ስቴሮይድ የሚሻ ቁጣም አይደለም፤ የልጅዎን ሕመም ደግሞ ገና ያየው ሐኪም የለም።

ባለቤትዎ ማስጨረሳቸው ትክክል ነው። ማሳከኩ ቀድሞ የጠፋው ስቴሮይዱ ፈጥኖ ስለሚሠራ ነው፤ ባክቴሪያው ግን በዚያው ፍጥነት ላይጠፋ ይችላል። ከታዘዘው ቀን ማሳጠር እንደማይገባ ሁሉ ማስረዘምም አይገባም። እንዲህ ያለ ጥምር ክሬም በአብዛኛው ከ2 ሳምንት በላይ አይቀባም፤ ምክንያቱም አንቲባዮቲክ በቆዳ ላይ ሲሰነብት መድኃኒቱን የሚቋቋሙት ባክቴሪያዎች ተርፈው እየበዙ ይሄዳሉ፣ በኋላም ያው መድኃኒት ለእርስዎም ለቤተሰብዎም አልሠራ ይላል። በ7 ቀን ውስጥ ለውጥ ካልታየ፣ ወይም ክሬሙ ራሱ ቆዳውን ካቃጠለና ካሳበጠ፣ ሌላ ቱቦ ከመግዛት ይልቅ ወዳዘዘው ሐኪም መመለስ ይገባል።

የቱቦው ግማሽ መትረፉ አሳንሰው የቀቡ እንዳይመስልዎ። የቆዳ ሐኪሞች መጠኑን የሚለኩት በጣት ጫፍ ነው፦ አፉ 5 ሚሊ ሜትር ከሆነ ቱቦ በአዋቂ ሰው ሌባ ጣት ላይ፣ ከጫፉ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ ድረስ የሚጨመቀው ክሬም ግማሽ ግራም ያህል ነው። ይህም ጣቶቹ ተገጥመው የተዘረጉ የአዋቂ ሰው ሁለት መዳፎችን የሚያህል ቦታ ይሸፍናል። የእጅ አንጓ ከዚያ በእጅጉ ያንሳል። ሙሉውን ግማሽ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ ቢቀቡ እንኳ በ7 ቀን የሚያልቀው 7 ግራም ነውና ከ15 ግራም ቱቦ ግማሹ መትረፉ አይቀርም። አቀባቡም ቀላል ነው፤ ቦታውን አጥቦና አድርቆ ስስ አድርጎ መቀባት፣ ከዚያም (የታከመው እጅ ራሱ ካልሆነ) እጅን መታጠብ ይበቃል። ሐኪም ካላዘዘ በቀር በፋሻ ወይም በፕላስቲክ መሸፈን አይገባም፤ የታፈነ ቆዳ መድኃኒቱን አብዝቶ ይመጥጣልና። ጸበል የሚጠመቅ ሰው ከጸበሉ በኋላ ቆዳው እስኪደርቅ ቆይቶ ይቀባ፤ ቫዝሊን የሚያዘወትርም በሁለቱ መካከል ግማሽ ሰዓት ያህል ቢያሳልፍ መልካም ነው።

ከደብዳቤዎ ይበልጥ ያሳሰበኝ የእህትዎ ጉዳይ ነው። ቤታሜታዞን በዚህ ክሬም ውስጥ ባለው መጠኑ ከብርቱዎቹ ስቴሮይዶች ወገን ይመደባል፤ የፊት ቆዳ ደግሞ ስስ ነው። ደካማ በሆነው ስቴሮይድ በሃይድሮኮርቲዞን ላይ በተደረገ የታወቀ ልኬት፣ እ.ኤ.አ. በ1967 እንደታተመው፣ ግንባር ከክንድ 6 እጥፍ ያህል፣ የመንጋጋ ጥግ ደግሞ 13 እጥፍ ያህል መድኃኒቱን ወደ ውስጥ አሳልፏል። ለእጅ አንጓ የተመጠነ ክሬም ፊት ላይ ሲሆን ሌላ መድኃኒት ሆነ ማለት ይቻላል። መጀመሪያ ላይ ፊቷ የጠራው ስቴሮይድ የደም ሥሮችን ስለሚያጠብና ቆዳው ቀለም የሚያመርትበትን ሥራ ስለሚያዳክም ነው። ይህን «ውበት» አይቶ የሚቀጥል ሰው ግን ከሳምንታትና ከወራት በኋላ የሳሳ ቆዳ፣ ጉንጭ ላይ እንደ ክር የሚታዩ ቀያይ የደም ሥሮች፣ በአፍ ዙሪያ የሚወጣ ብጉር መሰል ሽፍታ፣ አንዳንዴም ያልነበረ ፀጉር ያገኛል። ክሬሙ በዓይን አካባቢ ከዘወተረ የዓይን ግፊትን ሊጨምርና የዓይን ሞራን ሊያመጣ ይችላል፤ ግፊቱ ሲጨምር ደግሞ ብዙ ጊዜ ሕመም ስለሌለው ሰውየው የሚያውቀው ዘግይቶ ነው።

ባልተቀባችበት ቀን የሚመጣው መቅላትና መለብለብም ከዚሁ የመነጨ ነው፤ ለወራት ጠብበው የኖሩት የደም ሥሮች መድኃኒቱ ሲቀር ከወትሮው በላይ ይሰፋሉ። እህትዎ ይህን የበሽታው መመለስ ነው ብላ ትቀባለች፣ ለጊዜው ይበርዳል፣ ስትተው ደግሞ ይብሳል። ከዚህ ዙር መውጣት የሚቻለው በሐኪም ክትትል ነው። ለወራት የተቀባ ሰው በአንድ ጊዜ ያቁም ወይስ ወደ ደካማው እየተሸጋገረ ይተው የሚለውን ቆዳዋን ያየ ሐኪም መወሰን ስላለበት፣ ቱቦውን ይዛ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የቆዳ ክፍል ብትሄድ እመክራለሁ። ጥቂት ሳምንታት የሚቆይ መቅላት ሊያልፍባት እንደሚችል አስቀድማ ብታውቅ አትደናገጥም። ስለ ማዲያቱ፣ ብዙ ጊዜ የሚነሣው በእርግዝና፣ ሆርሞን ባለበት የወሊድ መከላከያና በፀሐይ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ሲቀዘቅዝ እንኳ ፀሐይዋ ብርቱ ናት፤ ለማዲያት የታዘዘ የትኛውም መድኃኒት ያለ ጃንጥላና ያለ ፀሐይ መከላከያ ክሬም ብዙ ርቀት አይሄድም። ያለ ማዘዣ የሸጠላትን ባለሙያ በተመለከተም፣ እኔ ራሴ የሙያው ሰው ነኝና ልናገር፦ «የት ነው የምትቀቢው?» ብሎ ቢጠይቃት ኖሮ እዚህ ባልደረሰች ነበር።

ልጅዎን አይቀቡት። የሕፃን ቆዳ ስስ ነው፤ የአካሉ ስፋትም ከክብደቱ አንጻር ሲታይ ከአዋቂ ይበልጣል፤ ፓምፐርሱ ደግሞ እንደ ፕላስቲክ መሸፈኛ ሆኖ ስቴሮይዱን ወደ ደም እንዲገባ ያግዘዋል። ይህ ሲደጋገም ሰውነቱ የሚያመርተውን የራሱን ሆርሞን ሊጫንና ዕድገቱን ሊያዘገይ ይችላል። ቶሎ ቶሎ መቀየር፣ በለብታ ውሃ አጥቦ ማድረቅ፣ በየቀኑ ጥቂት ሰዓት ያለ ፓምፐርስ አየር እንዲያገኝ ማድረግና ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ቅባት መቀባት ብዙውን ጊዜ በቂ ነው። መቅላቱ ወደ ጭኑ እጥፋት ከገባና በዙሪያው ትናንሽ ቀያይ ነጠብጣቦች ካሉት ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል፣ እንዲሁም በ3 ቀን ካልቀነሰ ወይም መግል ከያዘ ወይም ካተኮሰው፣ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።

የተረፈውን ክሬም ለማንም አይስጡ፤ ለራስዎም ቢሆን ችፌው ሲመለስ ሳይጠይቁ አይጀምሩት፣ በሁለተኛው ጊዜ ባክቴሪያ ላይኖርበት ይችላልና ስቴሮይድ ብቻ ይበቃዎት ይሆናል። ሐኪሙ አስቀምጪው ካላለዎት ወደ ገዙበት መድኃኒት ቤት ወስደው እንዲያስወግዱልዎ ይጠይቁ። ሊያስቀምጡት ከተፈቀደልዎ ከልጆች እጅ ርቆ፣ ከምድጃ ሙቀት ውጭ ይሁን፤ የማብቂያ ቀኑንም በጥንቃቄ ያንብቡ። ይህን የምለው በየቤቱ የሚፈጠር ስሕተት ስላለ ነው፤ በማሸጊያው ላይ የሚታተመው ዓመት የፈረንጆች ነው። 06/2026 የሚል ክሬም የሚያበቃው በእኛ አቆጣጠር በሰኔ 2018 ሲሆን፣ በራሳችን ዘመን ያነበበ ሰው ግን ገና 8 ዓመት ቀረው ብሎ ያስቀምጠዋል።

ጥያቄ፦ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ተማሪ ነኝ። ብሽሽቴ ላይ ክብ ሆኖ የሚያሳክክ ነገር ሲወጣብኝ ጓደኛዬ የተረፈውን የስቴሮይድና የአንቲባዮቲክ ክሬም ሰጠኝ። በሁለት ቀን ማሳከኩ ቆመ፤ ከሳምንታት በኋላ ግን ክቡ ጠፍቶ ዙሪያው እየሰፋ ወደ ጭኔ ወረደ። ክሬሙ ደክሞ ነው ወይስ ብርቱ ልግዛ?

መልስ፦ ብርቱ አትግዛ። የገለጽከው ጭርት ይመስላል፤ ጭርት ደግሞ የፈንገስ በሽታ ነው። ስቴሮይዱ ማሳከኩን ሲያስቆም ውሻውን አስሮ ሌባውን ለቀቀው፤ ቆዳህ መቆጣቱን ሲተው ፈንገሱ የሚከለክለው አጥቶ ሰፋ፣ ክብ መልኩም ስለጠፋ አሁን ሐኪም እንኳ በዓይን ብቻ ለመለየት ይቸገራል። ብሽሽት ከፊት ባልተናነሰ ስቴሮይድ የሚመጥጥ ቦታ በመሆኑ በጭንህ ላይ እንደ ሸንተረር ያለ መስመር እንዳልወጣም ተመልከት፤ ከወጣ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ክሬሙን አቁምና ተመርመር፤ ከቆዳው ተፍቆ በማይክሮስኮፕ ሊታይ ይችላል። ፈንገስ መሆኑ ከተረጋገጠ የሚያስፈልግህ እንደ ክሎትሪማዞል ወይም ተርቢናፊን ያለ ፀረ-ፈንገስ ነው፤ እርሱም ማሳከኩ ከቆመ በኋላ እንኳ እስከታዘዘው ቀን መቀባት አለበት። ባቆምክ ሰሞን ማሳከኩ ቢብስብህ ወደ ጓደኛህ ቱቦ አትመለስ።

ይህ ዓምድ በጎንደርና በአካባቢው ስለሚነበብ ለሌሎችም ልጨምር። ፊት፣ አፍንጫ ወይም ጆሮ ላይ ወጥቶ ለወራት የማይድን፣ ብዙም የማያምና የማያሳክክ ቁስል ቁንጭር ሊሆን ይችላል፤ በአገራችን ደጋ አካባቢዎች ሽኮኮ ከሚኖርበት ገደል አቅራቢያ የአሸዋ ዝንብ የምታስተላልፈው የሌሽማኒያ በሽታ ነው። ቀለሙ ፈዝዞ ሲነካ የማይሰማ ቆዳም የሥጋ ደዌ መሆኑና አለመሆኑ መጣራት አለበት። ሁለቱም መድኃኒት አላቸው፤ የሌሽማኒያ ሕክምና በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይሰጣል። ለሁለቱም የስቴሮይድና የአንቲባዮቲክ ክሬም መድኃኒት ስላልሆነ ሕክምናውን ማዘግየት እንጂ ሌላ ፋይዳ የለውም። አንተም ስትመረመር «ምንም አልተቀባሁም» አትበል፤ ያለቀም ቢሆን ቱቦውን ይዘህ ሂድና ለስንት ቀን እንደቀባኸው ንገራቸው።