«ጎበዝ ነው» ማለት አይበቃም፦ ልጅን ጊፍትድ ፕሮግራም ስለማስገባት

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ያለ ሐበሻ ወላጅ ስለ ጊፍትድ ፕሮግራም (ላቅ ያለ ችሎታ ላላቸው ተማሪዎች ስለሚሰጠው ትምህርት) የሚሰማው አብዛኛውን ጊዜ ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። የጎረቤት ልጅ ሦስተኛ ክፍል ሲገባ ትምህርት ቤት ቀየረ ይባላል፤ ለምን ቢባል «መርጠውት ነው»። ብዙ ጊዜ ግን ዝም ብለው አልመረጡትም። የልጁ ወላጅ ከወራት በፊት ፎርም ሞልቶ፣ የልጁን ሥራ አያይዞ፣ መምህሯን አነጋግሮ ነበር።

ቨርጂኒያ ያለውን ፌርፋክስ ካውንቲን እንውሰድ። እዚያ ፕሮግራሙ ኤኤፒ ይባላል፤ አራት ደረጃ አለው። ደረጃ 1 ለማንኛውም ተማሪ በክፍሉ ውስጥ የሚሰጥ ነው። 2 እና 3ን ትምህርት ቤቱ ራሱ ይወስናል፤ ልጁም ከትምህርት ቤቱ አይወጣም። ወላጅ የሚሯሯጥለት ደረጃ 4 ነው፤ ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ሙሉ ቀን የሚሰጥ ሲሆን የሚወስነውም የካውንቲው ኮሚቴ ነው። በየአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ይህን ጉዳይ የያዘ አንድ መምህር አለ፤ ኤኤአርቲ ይሉታል። ስሙንና ኢሜይሉን ልጁ አንደኛ ክፍል እያለ ያዙ። ፎርሙ የትኛው እንደሆነና የዘንድሮው ቀን መቼ እንደሚያልቅ የሚነግራችሁ እሱ ነው።

ፈተናው ሁለት ነው። አንደኛ ክፍል ላይ ኤንኤንኤቲ የሚባል፣ ቃል የሌለበት፣ በቅርጽ ብቻ የሚሠራ ፈተና አለ፤ 48 ጥያቄ በ30 ደቂቃ። ሁለተኛ ክፍል ሲገቡ በመኸሩ ወራት ኮግአት ይመጣል። ኮግአት ሦስት ክፍል አለው፤ የቃል፣ የቁጥርና የቅርጽ። በትምህርት ቤቱ ከፍተኛ ውጤት ያመጡት ራሳቸው ወደ ማጣሪያው ይገባሉ። ያልገባውን ወላጁ ሪፈራል የሚባለውን ፎርም ሞልቶ ማስገባት ይችላል፤ ቀነ ገደቡ አብዛኛውን ጊዜ ዲሴምበር አጋማሽ ላይ ነው። ትልቁ ስህተት እዚህ ነው። የኮግአት ውጤት ሲመጣ «ነጥቡ አልበቃም» ብሎ መተው። በቨርጂኒያ ደንብ መሠረት አንድ የፈተና ውጤት ብቻውን ልጅን ሊያስገባም ሊያስቀርም አይችልም። ኮሚቴው የሚያየው ሙሉውን ፋይል ነው።

ውጤቱን ስታነቡ ፐርሰንታይልን ከመቶ የተገኘ ነጥብ ጋር አታምታቱ። 85ኛ ፐርሰንታይል ማለት ከመቶ ጥያቄ 85ቱን መለሰ ማለት አይደለም፤ ከመቶ እኩዮቹ 85ቱን ያህል በለጠ ማለት ነው። ዋናው የኮግአት ነጥብ ደግሞ በዕድሜ የሚሰላ ነው፤ አማካዩ 100 ነው፣ ልጁም የሚወዳደረው በወር ሳይቀር ከዕድሜ እኩዮቹ ጋር ነው። ስለዚህ የልደት ቀን የወረቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከኢትዮጵያ የመጡ ልጆች ላይ የሚያጋጥም አንድ ነገር አለ። ጥር 5 ቀን 2010 የተወለደ ልጅ በፈረንጅ ጃንዋሪ 13፣ 2018 ነው የተወለደው። ከመስከረም እስከ ዲሴምበር መጨረሻ 7 ይደመራል፤ ከዚያ በኋላ 8። ሰነዱን ያስተረጎመው ሰው በ7 ከደመረ ልጁ የ2017 ልጅ ሆኖ ይመዘገባል፤ ያኔ ውጤቱ በአንድ ዓመት ከሚበልጡት ጋር ይነጻጸራል፣ ነጥቡም ይወርዳል። ፓረንትቪው (የትምህርት ቤቱ የወላጆች ድረ ገጽ) ላይ ያለውን ቀን ከልደት ሰርተፊኬቱ ጋር አስተያዩ። ስህተቱ የትምህርት ቤቱ ከሆነ ሰነድ አሳይቶ ማስተካከል ቀላል ነው፤ የኢሚግሬሽን ወረቀቱ ላይ ከሆነ ግን መጀመሪያ እሱ ነው የሚስተካከለው።

ሌላው ፍርሃት የቋንቋው ነው። ልጁን ስናስመዘግብ ቤት ውስጥ የሚነገረው ቋንቋ ይጠየቃል። «አማርኛ ካልኩ ኢሶል (እንግሊዝኛ ገና ለሚማሩ ልጆች የሚሰጠው ትምህርት) ውስጥ ይከቱትና ጊፍትድ ይቀርበታል» ብለው እንግሊዝኛ የሚጽፉ ወላጆች አሉ። ኢሶል ውስጥ መሆን ከኤኤፒ አያስቀርም። እንዲያውም ኮሚቴው ልጁ በሁለተኛ ቋንቋው እየተፈተነ መሆኑን ማወቁ ይጠቅመዋል። የቃሉ ክፍል ደክሞ የቁጥሩና የቅርጹ ከፍ ያለ ውጤት፣ ሌላ ቋንቋ የሚናገር ልጅ መሆኑ ሲታወቅ ሌላ ትርጉም ይኖረዋል።

ለፈተናው በየሳምንቱ መቶ ዶላር የሚያስከፍል አስጠኚ መቅጠር፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ገንዘቡን ማባከን ነው። የሚያስፈልገው ልጁ የጥያቄውን ዓይነት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈተናው ላይ እንዳያይ ነው። ለምሳሌ ኮግአት ላይ በቅርጹ ክፍል ውስጥ ወረቀት ማጠፍ የሚባል አለ። ሥዕሉ ላይ ወረቀት ይታጠፋል፣ ይበሳል፤ ሲዘረጋ ምን እንደሚመስል ከምርጫዎቹ ያገኛል። ይህን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ በሶፍት ማሳየት ይቻላል። አንዴ አጥፋችሁ ጥጉን ብሱ፤ ከመዘርጋታችሁ በፊት «ስንት ቀዳዳ? የት የት?» በሉት። ሁለት ነው። ሁለት ጊዜ አጥፋችሁ አንዴ ብሱ፤ አራት ይሆናል። ብዙ ልጆች ቁጥሩን ያገኙና ቦታውን ይስታሉ፤ ምክንያቱም ቀዳዳው ከእጥፋቱ መስመር ማዶ እንደ መስታወት እንደሚገለበጥ አያስተውሉም። ሁለት ሦስት ምሽት ይበቃል። ለፈተናው ዋዜማ ያለው ምክር ደግሞ ያረጀ ነው፤ በጊዜ ይተኛ፣ ቁርሱን ይብላ።

አሁን ወደ ዋናው። ፋይሉ ውስጥ መምህሯ የምትሞላው ሆፕ የሚባል መመዘኛ አለ። 11 ነጥቦች ናቸው፤ ልጁ አዲስ ነገር ለማወቅ ይጓጓል ወይ፣ ችግርን በሌላ መንገድ ይፈታል ወይ፣ ለሌላው ያዝናል ወይ፣ የመሳሰሉት። እያንዳንዱን ከፈጽሞ እስከ ሁልጊዜ ባለ ስድስት ደረጃ ትመዝናለች። የእኛ ልጅ የሚወድቀው እዚህ ነው። ትልቅ ሰው ሲናገር አታቋርጥ፣ ዓይን ዓይኑን አትይ፣ ዝም ብለህ አዳምጥ ብለን ነው ያሳደግነው። ልጁም እጁን አያወጣም። መምህሯ የምታየው ጨዋና ጸጥተኛ ልጅ ነው፤ ጉጉቱን አላየችውም፣ ስለዚህ አትጽፈውም። ልጁን «ተናገር» ብሎ ማስገደድ አንድ ነገር ነው፤ ከዚያ የሚቀለው ግን በመኸሩ የወላጅና መምህር ስብሰባ ላይ ቤት ውስጥ የሚያደርገውን ለመምህሯ መንገር ነው። «እንዴት ነው ልጄ?» ብሎ «ጥሩ ነው» ተብሎ መመለስ ዋጋ የለውም። «ሥራውን ቶሎ ሲጨርስ ምን ትሰጪዋለሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ ቀደም ብላችሁ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ክፍያ የለውም። ልጁን ወይም ታላቅ እህቱን አስተርጓሚ አታድርጉ።

ወላጅ የሚሞላው ወረቀትም እንዲሁ ነው። «በጣም ጎበዝና ታዛዥ ነች፣ ቤተ ክርስቲያን ታገለግላለች» የሚል ጽሑፍ ለኮሚቴው ምንም አይነግረውም። ያደረገችውን ጻፉ። ለምሳሌ ፊደል ስትማር ለ፣ ሉ፣ ሊ እና በ፣ ቡ፣ ቢን አይታ፣ ማንም ሳይነግራት ቱ እና ቲን ራሷ ጽፋ፣ ቀጥላ «ታዲያ ሩ ለምን እንደሌሎቹ አልሆነም?» ብላ ከጠየቀች፣ እሱ ነው የሚጻፈው። ሕግ አግኝታለች፣ ሕጉ የሚፈርስበትንም አይታለች። ኮሚቴው አማርኛ አያውቅም፤ ስለዚህ ፊደሎቹን አስቀምጣችሁ በሁለት መስመር አስረዱ።

የሥራ ናሙናም ሲመረጥ ሃያ ድምር ትክክል ሠርታ ኮከብ የተለጠፈበት ወረቀት አያይዞ መላክ የተለመደ ነው። ያ መታዘዝን ያሳያል እንጂ ማሰብን አያሳይም። ከሱ ይልቅ 38 + 47ን ስትሠራ «38ን 40 አደረግኩት፣ 87 መጣ፣ 2 ቀነስኩ» ብላ በራሷ ፊደል የጻፈችበት ግማሽ ገጽ፣ የተሰረዘና የተጠቆረ ቢሆንም፣ ይበልጣል። የወላጅ እጅ ያለበት ቆንጆ ፕሮጀክት ወዲያው ይታወቃል። የሚፈቀደው የገጽ ብዛት ተወስኗል፤ ኦሪጅናሉን ሳይሆን ኮፒውን ስጡ።

ሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ያላችሁ ነገሩ ሌላ ነው። ሲኢኤስ የሚባለው የ4ኛና 5ኛ ክፍል ፕሮግራም ሲሆን የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎች ሳያመለክቱ ይጣራሉ። የንባብ ፈተና ውጤትና የሪፖርት ካርድ ይታያል፤ መስፈርቱን ያሟሉት ዕጣ ውስጥ ይገባሉ። ስለዚህ ልጁ ብቁ ሆኖም ዕጣ ላይወጣለት ይችላል፤ ይህ በልጁ ላይ የተሰጠ ፍርድ አይደለም። ያኔ እዚያው ትምህርት ቤቱ ውስጥ የተጠናከረ የንባብ ትምህርትና ኮምፓክትድ ማዝ የሚባለው ፈጠን ያለ ሒሳብ እንዲሰጠው ጠይቁ። ደብዳቤው በአማርኛም ስለሚዘጋጅ የመዘገባችሁት የመገናኛ ቋንቋ ትክክል መሆኑን አረጋግጡ። ደንቡ በየጊዜው ስለሚቀያየር ዘመድ ከሦስት ዓመት በፊት የነገራችሁን ይዛችሁ አትሂዱ።

ፌርፋክስ ላይ ደብዳቤው «አይደለም» ብሎ ከመጣ ይግባኝ አለ፤ የመጨረሻው ቀን ደብዳቤው ላይ ተጽፏል። ያንኑ ወረቀት መልሶ መላክ አይሠራም፤ አዲስ ነገር ይፈልጋሉ። አዲስ የሥራ ናሙና፣ አዲስ የሪፖርት ካርድ፣ ወይም ፈቃድ ባለው ሳይኮሎጂስት የተሰጠ ዊስክ የሚባል የአእምሮ ችሎታ ፈተና ሊሆን ይችላል። ዊስክ በግል በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ነው፤ ቀጠሮ ከመያዛችሁ በፊት ለአነስተኛ ገቢ ቅናሽ እንዳለ ጠይቁ። ይግባኙም ካልሆነ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ማመልከት ይቻላል።

«አዎ» ከመጣ ደግሞ ፊርማችሁን ከማስቀመጣችሁ በፊት የአውቶቡሱን ሰዓት እዩ። ሴንተር ወደሚባለው፣ ደረጃ 4 ወደሚሰጥበት ሌላ ትምህርት ቤት ከሄደ መነሻ ሰዓቱ፣ ፌርማታውና ከትምህርት በኋላ የሚቆይበት ቦታ ይቀየራል፤ ታናሽ ወንድሙ በቀድሞው ትምህርት ቤት ይቀራል። ሁለታችሁም ፈረቃ የምትሠሩ ከሆነ ይህ ቀልድ አይደለም። አንዳንድ ትምህርት ቤት ደረጃ 4ን እዚያው ያስተምራል። አለዚያም ዘንድሮ ይቆይ ብላችሁ በኋላ መላክ ትችላላችሁ፤ ብቁነቱ እስከ 8ኛ ክፍል አይወሰድበትም።