ያለ ጭነት ልክ 12 ቮልት፣ ድምፁ ሲጨመር ጉርምርምታ

ጥያቄ፦ ለትንሽ የድምፅ አምፕሊፋየር የሚሆን የኃይል ምንጭ ራሴ ሠራሁ። የተጠቀምኩት ከ220 ወደ 12 ቮልት የሚያወርድ ባለ 1 አምፔር ትራንስፎርመር፣ አራት 1ኤን4007 ዳዮዶች (ጅረትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ)፣ ባለ 1000 ማይክሮፋራድ 25 ቮልት ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም) እና 7812 ሬጉሌተር (ቮልቴጁን 12 ላይ የሚያጸና) ነው። አምፕሊፋየሩ ሳይገናኝ በመልቲሜትር ስለካው ልክ 12 ቮልት አገኛለሁ። አገናኝቼ ድምፁን ከፍ ሳደርግ ግን «እምምም» የሚል ወፍራም ጉርምርምታ ከሙዚቃው ጋር ይወጣል። በሙሉ ድምፅ 0.6 አምፔር ገደማ ይስባል። ሬጉሌተሩን ብቀይረውም ለውጥ የለም። ለሚቀጥለው ሥራዬስ ትራንስፎርመሩን ትቼ በካፓሲተር ብቻ ቮልቴጁን ማውረድ እችላለሁ?

መልስ፦ አውጥተው ያስቀመጡትን ሬጉሌተር አይጣሉት፤ ምንም አልሆነም። ችግሩ ያለው ከሬጉሌተሩ በፊት፣ ካፓሲተሩ ላይ ነው። ያለ ጭነት፣ ማለትም አምፕሊፋየሩ ሳይገናኝ፣ የተለካ ቮልቴጅ ደግሞ ይህን ችግር ሊያሳይዎት አይችልም።

ትራንስፎርመሩ ላይ የተጻፈው 12 ቮልት የሞገዱ ጫፍ አይደለም። ጫፉ፣ 12 በ1.414 ሲባዛ የሚገኘው ወደ 17 ቮልት ነው። በአራቱ ዳዮዶች ድልድይ ውስጥ ጅረቱ ሁልጊዜ ሁለት ዳዮዶችን አልፎ ስለሚሄድ፣ እያንዳንዳቸው 0.7 ቮልት ገደማ ይወስዱና ካፓሲተሩ ላይ 15.6 ይቀራል። ያለ ጭነት ካፓሲተሩ እዚያ ጫፍ ላይ ሞልቶ ይቆማል። እንዲያውም ትንንሽ ትራንስፎርመሮች ጭነት ሳይኖርባቸው ከተጻፈባቸው በላይ ስለሚሰጡ፣ አሁን ቢለኩት 18 ቮልት አካባቢ ማግኘትዎ አይቀርም። ሬጉሌተሩም ከዚህ ላይ 12ን ያለ ችግር ቆርጦ ይሰጣል።

ጭነት ሲመጣ ነገሩ ይለወጣል። በ50 ኸርዝ መስመር ላይ ድልድዩ ካፓሲተሩን በሰከንድ 100 ጊዜ ይሞላዋል፤ በየ10 ሚሊሰከንዱ ማለት ነው። በመካከሉ አምፕሊፋየሩን የሚመግበው ካፓሲተሩ ብቻ ነው፤ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ቤት በርሜሉ እንደሚያደርገው። ምን ያህል እንደሚጎድል ለማወቅ ጅረቱን በጊዜው አባዝተው ለካፓሲተሩ መጠን ያካፍሉ፦ 0.6 አምፔር ሲባዛ በ0.01 ሰከንድ፣ ሲካፈል ለ0.001 ፋራድ፣ 6 ቮልት። ቀጣዩ ሙሌት 10 ሚሊሰከንዱ ሳይሞላ ስለሚጀምር በተግባር 5 ቮልት ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ካፓሲተርዎ 15.6 ላይ ሆኖ እስከ 10.6 ይወርዳል፤ ከዚያ ተመልሶ ይወጣል።

7812 ደግሞ 12 ቮልት አስተካክሎ ለመስጠት መግቢያው ላይ ቢያንስ ወደ 14 ቮልት ይፈልጋል። ከዚያ በታች ሲሆን የሚቆጣጠረው ነገር የለውም፤ የመጣለትን ቀንሶ ያሳልፋል እንጂ። በሰከንድ 100 ጊዜ ቁጥጥሩን ያጣል፤ የሚሰሙት ጉርምርምታ ይኸው ነው። ሬጉሌተሩን አሥር ጊዜ ቢቀይሩትም መግቢያው እስካልተስተካከለ ድረስ ድምፁ አይጠፋም።

ይህን በዓይንዎ ለማየት ኦሲሎስኮፕ (ሞገድን በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ) አያስፈልግዎትም። አምፕሊፋየሩን አገናኝተው፣ ሙዚቃውን ከፍ አድርገው፣ የመልቲሜትሩን ሁለት ጫፎች ካፓሲተሩ ላይ ያሳርፉ። መጀመሪያ በዲሲ (ቀጥተኛ ጅረት) ይለኩ፤ ይህ አማካዩ ነው። ቀጥለው ወደ ኤሲ (ተለዋዋጭ ጅረት) ያዙሩት፤ ይህ የመዋዠቁ ልክ ነው። የኤሲውን ንባብ በ1.7 አባዝተው ከዲሲው ላይ ሲቀንሱ የሸለቆውን፣ ማለትም ቮልቴጁ የሚወርድበትን ዝቅተኛ ነጥብ፣ ግምት ያገኛሉ። በእርስዎ መሣሪያ ዲሲው 13፣ ኤሲው 1.4 አካባቢ ቢሆን አይገርመኝም፤ ሸለቆው 10.6 መሆኑ ነው። መታየት ያለበት ይህ ቁጥር ነው። ብዙ ሰው አማካዩን 13 ቮልት አይቶ «ከ12 ይበልጣል» ብሎ ያልፈዋል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። አንዳንድ ርካሽ መልቲሜትሮች ኤሲ ላይ ሲሆኑ ዲሲውን ለይተው አያስቀሩም። ለመፈተን ባለ 9 ቮልት ባትሪ በኤሲ ይለኩ። ንባቡ በሁለቱም አቅጣጫ ከዜሮ ባይርቅ ደህና ነው። በአንዱ አቅጣጫ 20 አካባቢ፣ ጫፎቹን ሲያገላብጡ ዜሮ ካሳየ ግን 1 ማይክሮፋራድ የፊልም ካፓሲተር ከቀይ ሽቦው ጋር በተከታታይ ካላገናኙበት በቀር ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ዳዮዶቹን ትልቅ ለማድረግ አይቸኩሉ። ሰው ጉርምርምታ ሲሰማ መጀመሪያ የሚገዛው እነሱን ነው፤ ባለ 1 አምፔሩ 4007 ግን ለ0.6 አምፔር ይበቃል። ይልቅ አንዱ ተበጥሶ እንዳይሆን ኃይሉን ነቅለው በመልቲሜትሩ የዳዮድ መፈተሻ ይዩአቸው፦ በአንድ አቅጣጫ ከ0.5 እስከ 0.7፣ በሌላው ምንም። አንዱ ከተበጠሰ ድልድዩ ግማሹን ሞገድ ያጣል፤ ካፓሲተሩም በየ20 ሚሊሰከንዱ ብቻ ይሞላል።

ወደ መፍትሔው ስንመጣ፣ ካፓሲተሩን ወደ 4700 ማይክሮፋራድ ብቻ ቢያሳድጉት መውረዱ በተመሳሳዩ ስሌት 1.3 ቮልት ይሆንና ሸለቆው 14.3 ይደርሳል። በወረቀት ላይ አለፈ። ነገር ግን የመስመሩ ቮልቴጅ በ10 በመቶ ቢወርድ ጫፉ ራሱ ከ14 በታች ይሆናል፤ ምሽት ላይ ጉርምርምታው ተመልሶ ይመጣል። በእኔ እምነት ባለ 12 ቮልት ትራንስፎርመርና 7812 ከመጀመሪያውም የማይጣጣሙ ጥንዶች ናቸው፤ ይህንን ንድፍ ስንት ቦታ ተሥሎ እንዳየሁት አይጠይቁኝ።

ስለዚህ ባለ 15 ቮልት ትራንስፎርመር ይጠቀሙ፤ አምፔሩም 1.5 ይሁን። 1 አምፔር ተብሎ የተጻፈው ለኤሲ ጭነት ነው። ካፓሲተሩ ጅረቱን የሚስበው በሞገዱ ጫፍ ላይ በአጭር በአጭሩ ስለሆነ፣ ከድልድይና ከካፓሲተር በኋላ ያለ ስጋት የሚወሰደው ዲሲ ከተጻፈው 60 በመቶ ገደማ ነው። የአሁኑ ትራንስፎርመርዎ 0.6 ላይ ሲሠራ አቅሙ ጫፍ ላይ ደርሷል ማለት ነው። ለዚሁ ምክንያት ካፓሲተሩን ያለ ልክ ማግዘፍም አይጠቅምም፤ የመሙያ ጊዜው ባጠረ መጠን ትራንስፎርመሩ ይበልጥ ይግላል። 4700 ይበቃዎታል።

የካፓሲተሩ ቮልቴጅ ግን 35 ይሁን። 25 የማይበቃው እንዲህ ነው፦ 15 ቮልት ያለ ጭነት እስከ 18 ሊወጣ ይችላል፤ መስመሩ በ10 በመቶ ቢጨምር 19.8፤ በ1.414 ሲባዛ 28፤ ዳዮዶቹን ሲቀንሱ 26.6። ከአቅሙ በላይ የተጫነ ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር አናቱ ያብጣል፣ ሲብስም ይፈነዳል። ጎኑ ላይ የመቀነስ ምልክት ያለበትን እግር ወደ አሉታዊው ያድርጉ።

ለውጡ ዋጋ ያስከፍላል፤ ዋጋውም ሙቀት ነው። አሁን መግቢያው በአማካይ 19 ቮልት ይሆናል፤ 19 ሲቀነስ 12፣ ሲባዛ በ0.6፣ 4.2 ዋት ሬጉሌተሩ ላይ ወደ ሙቀት ይለወጣል። 7812 ያለ ማቀዝቀዣ ብረት የሚችለው 2 ዋት ቢሆን ነው፤ ከዚያ በላይ ራሱን ለማዳን ይዘጋል፤ ሲቀዘቅዝ ይከፍታል፤ ሙዚቃውም ይቆራረጣል። ጥሩ ክንፍ ያለው አልሙኒየም ላይ የሙቀት ቅባት ቀብተው ያያይዙት። የ7812 የጀርባ ብረት ከመካከለኛው እግር፣ ማለትም ከአሉታዊው ጋር የተገናኘ ስለሆነ አሉታዊው ሣጥን ላይ ቢነካ ጉዳት የለውም። ኤልኤም317 የሚባለው ሌላ ሬጉሌተር ግን የጀርባ ብረቱ ከመውጫው ጋር ነው፤ እንዳያሳስትዎት። መግቢያው ላይ 0.33፣ መውጫው ላይ 0.1 ማይክሮፋራድ ትንንሽ ካፓሲተሮችን ከእግሮቹ ሥር አስጠግተው ይበይዱ።

ካፓሲተሩ ላይ 2.2 ኪሎኦም ግማሽ ዋት ሬዚስተር በትይዩ ያድርጉ፤ ሲነቀል በአንድ ደቂቃ ውስጥ ባዶ ያደርገዋል። በ220ው በኩል በፌዙ ሽቦ ላይ ፊውዝ ይኑር፤ ቅጽበታዊውን የማስነሻ ጅረት የሚታገሥ፣ ዘግይቶ የሚቃጠል ዓይነት። ለዚህ ትራንስፎርመር 0.2 አምፔር ይበቃል።

ትራንስፎርመር ስለ መተው ለጠየቁት፦ አይሆንም። በ220 ቮልት 50 ኸርዝ አንድ ማይክሮፋራድ የሚያሳልፈው 69 ሚሊአምፔር ገደማ ነው፤ ለ0.6 አምፔር ከ8 ማይክሮፋራድ በላይ፣ ለመስመር ኤሌክትሪክ የተሠራ ውድና ግዙፍ ካፓሲተር ያስፈልግዎታል። ዋናው ምክንያት ግን ይህ አይደለም። ትራንስፎርመር ቮልቴጅ ከማውረድ ሌላ እርስዎን ከግድግዳው መስመር ይለያል። ያለ እሱ «አሉታዊ» የሚሉት ሽቦ ራሱ ከመስመሩ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው፤ የድምፅ ማስገቢያውን ብረት በእጅዎ ሲነኩ፣ ወይም ስልክዎን ሲሰኩበት፣ 220 ቮልት ሊያገኝዎት ይችላል። ያ ዘዴ የሚያገለግለው ማንም በማይነካው ዝግ ሣጥን ውስጥ ላለ ጥቂት ሚሊአምፔር ብቻ ነው። ትራንስፎርመሩ ከብዶብዎት ከሆነ የታወቀ ሠሪ ያመረተውን 12 ቮልት 2 አምፔር አዳፕተር ይጠቀሙ፤ መለየቱንም ማስተካከሉንም በውስጡ ይዟል፤ ያን ያህልም አይግልም።

ከለውጡ በኋላ ሸለቆውን እንደገና ይለኩት፤ ከ14 በላይ ሆኖ ጉርምርምታው ግን ካልጠፋ ሽቦውን ይመርምሩ። ከድልድዩ የሚወጣው አሉታዊ ሽቦ መጀመሪያ ካፓሲተሩ እግር ላይ ይድረስ፤ የሬጉሌተሩና የአምፕሊፋየሩ አሉታዊ ሽቦዎች ከዚያው እግር ይነሡ። ከድልድዩ ላይ በቀጥታ ከወሰዱት የመሙያው ጅረት በድምፅ ሽቦዎ ውስጥ ያልፋል። ይህም ካልፈታው የድምፅ ማስገቢያ ኬብሉን ነቅለው የማስገቢያውን ሁለት ጫፎች በአጭር ሽቦ ያገናኙ፤ ጉርምርምታው ከጠፋ ኃይል ምንጩን ይተውትና ኬብሉን የሽቦ መረብ ልባስ ባለው ይቀይሩት።