ችግሩ ከዕዳው መጠን አይደለም

«የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (የሁለት ዓመት የመንግሥት ኮሌጅ) ክፍያ ርካሽ ሆኖ ሳለ ለትምህርቱ የተበደረው ሰው ለምን መክፈል ያቅተዋል?» ብለው ለጠየቁት፦ በአሜሪካ ከፌዴራል መንግሥት የወሰዱትን የተማሪ ብድር ሳይከፍሉ የሚቀሩት በብዛት ከ10,000 ዶላር በታች የተበደሩት ናቸው። ብዙዎቹ ትምህርቱን አቋርጠዋል፤ ዕዳው አለ፣ ደመወዝ የሚያሳድገው ዲፕሎማ ግን የለም።

ቀን መጋዘን ውስጥ እየሠራች ማታ የምትማር እናትን ያስቡ። ልጇ ሲታመም ሁለት ኮርስ ትተዋለች። የምትወስደው ትምህርት ከመደበኛው ግማሽ በታች ሲሆን ብድሩን መክፈል ከመጀመሯ በፊት የሚሰጣት የ6 ወር የእፎይታ ጊዜ መቆጠር ይጀምራል፤ እሷ ግን ገና ተማሪ ነኝ ብላለች። ማሳሰቢያው ወደ ቀድሞ አድራሻዋ ይላካል። ክፍያው 270 ቀን ከዘገየ መንግሥት የግብር ተመላሿን ሳይቀር ሊወስድ ይችላል።

እኔን የሚያበሳጨኝ፣ በገቢ ልክ የመክፈል አማራጭ እያለ ቅጹን ሞልታ እንድትጠይቅ በጊዜው የሚነግራት መጥፋቱ ነው።