ከውኃ የወጣን ሰው በእግሩ ማንጠልጠል ያድነዋልን?

ጥያቄ፦ የተከበሩ አዘጋጅ፣ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ምዕመናንንና ጎብኚዎችን በሚያመላልስ ጀልባ ላይ በረዳትነት የምሠራ ወጣት ነኝ። ባለፈው መጋቢት ወር ከወደቡ አጠገብ ሲዋኝ የነበረ አሥራ ሦስት ዓመት የሚሆነው ልጅ ሰጥሞ ተረባርበን አወጣነው። ከመካከላችን አንድ ጎልማሳ ወዲያው ሁለቱን እግሮቹን ይዞ ቁልቁል አንጠለጠለው፤ ሌሎቹም ሆዱን ይጫኑ ጀመር። ከአፉ ብዙ ውኃ ወጣ፤ ከዚያም ሳለ፣ አለቀሰም። ከዚያን ቀን ጀምሮ በወደቡ ያሉ ታላላቆቼ ሁሉ ልጁ የተረፈው ውኃው ስለ ወጣለት ነው ይላሉ። እኔ ግን እንዲህ ያለው አሠራር እንደሚጎዳ ሰምቻለሁ። የትኛውን ልቀበል? ሐኪም ያልሆነ እንደ እኔ ያለ ሰው በጀልባ ላይ ሳለ ምን ማወቅ ይገባዋል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በመጀመሪያ ልጁ በሕይወት በመኖሩ እንኳን ደስ አላችሁ። ታላላቆችዎ የተናገሩት ከቅን ልብ የመጣና በዓይናቸው ያዩት ስለሆነ ልንንቀው አይገባም። ነገር ግን ያዩት ነገር ምክንያቱ ሌላ ነው። የሰጠመ ሰው የሚሞተው ሆዱ ውኃ ስለ ሞላ ሳይሆን ትንፋሹ ተቋርጦ አንጎሉና ልቡ ኦክስጅን ስለሚያጡ ነው። ወደ ሳንባ የሚገባው ውኃ አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ነው፤ አንጠልጥለን ልናፈስሰውም አንችልም። ከአፉ ሲወርድ ያያችሁት ብዙ ውኃ የዋጠው፣ ማለትም የሆዱ ውኃ ነው። ልጁ መሳልና ማልቀስ ከቻለ ምናልባትም ሲወጣ ትንፋሹ ገና አልተቋረጠም ነበር፤ ሳይንጠለጠልም በጎኑ ቢተኛ ይድን ነበር ብለን ማሰብ እንችላለን። የተረፈው ልጅ በየሰፈሩ ምስክር ይሆናል፤ ትንፋሹ ተቋርጦ ሳለ ተንጠልጥሎ ውድ ደቂቃዎቹ ያለፉበት ልጅ ግን ሊመሰክር አይችልም። ልማዱ ሳይመረመር የኖረው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ጉዳቱ ሁለት ነው። ልብ ከቆመ በኋላ አንጎል ያለ ኦክስጅን ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ሲቆይ የማይመለስ ጉዳት ይጀምረዋል፤ በማንጠልጠልና ሆድ በመጫን የምናሳልፈው ጊዜ ከእነዚህ ጥቂት ደቂቃዎች ላይ የሚቀነስ ነው። ሁለተኛው፣ ሆድ ሲጫን በሆድ ያለው ምግብና ውኃ ወደ ላይ ይመጣና ራሱን በሳተ ሰው የአየር ቧንቧ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

እንግዲህ መደረግ ያለበትን ከመጀመሪያው ልጀምር። የሚሰጥም ሰው ብዙ ጊዜ አይጮኽም፤ አፉ ከውኃው በላይና በታች ሲል ለመተንፈስ እንጂ ለመጣራት ጊዜ አያገኝም። ስለዚህ በድንገት ዝም ያለ ዋናተኛ ሲያዩ ፈጥነው ይጠይቁት፤ ካልመለሰ ችግር አለ ማለት ነው። ይሁንና ዘልለው አይግቡ። የሚሰጥም ሰው ያገኘውን ሁሉ አንቆ ስለሚይዝ፣ አንድን ለማዳን ገብተው ሁለት ሆነው የቀሩ ብዙዎች ናቸው። መቅዘፊያ ወይም ረጅም እንጨት ያቀብሉት፤ ካልደረሰ ገመድ የታሰረበትና ክዳኑ የጠበቀ ባዶ ጄሪካን ይወርውሩለት። ባለ 20 ሊትር ጄሪካን አንድን ሰው አንሳፍፎ ለማቆየት ይበቃል፤ በየጀልባው ላይ ገመዱ ታስሮበት የተዘጋጀ አንድ ጄሪካን እንዲኖር አጥብቄ እለምናለሁ።

ሰውየው ከወጣ በኋላ በጠንካራና በደልዳላ ቦታ በጀርባው ያስተኙት። ጠርተውት ካልመለሰ ግንባሩን በአንድ እጅ ወደ ኋላ ገፋ አድርገው፣ በሌላው እጅ አገጩን ቀና ያድርጉና ጆሮዎን ወደ አፉ አስጠግተው፣ ዓይንዎን ደረቱ ላይ አድርገው ይመልከቱ፤ ይህ ከ10 ሰከንድ በላይ ሊወስድ አይገባም። አልፎ አልፎ የሚመጣ የማጣጣር ትንፋሽ እንደ ትንፋሽ አይቆጠርም። የማይተነፍስ ከሆነ አፍንጫውን ቆንጥጠው፣ አፍዎን ከአፉ ጋር ገጥመው፣ ደረቱ ከፍ ሲል እስኪያዩ ድረስ እያንዳንዱን ለአንድ ሰከንድ ያህል አምስት ጊዜ ይንፉ። በአንዳንድ ሥልጠና አምስቱ ቀርቶ ሁለት ይባላል፤ በዚህ አይጨነቁ፣ ሁሉም የሚስማሙበት ለሰጠመ ሰው ትንፋሽ እንደሚቀድም ነው። በየብስ ላይ ልቡ በድንገት ቆሞ ለወደቀ ሰው ደረት መጫን ይቀድማል፤ በውኃ የታፈነው ግን ያጣው አየር ነው። ከአፉ አረፋ ቢወጣ ሊጠርጉ ብለው ጊዜ አያጥፉ፤ እየወጣም ቢሆን መንፋቱን ይቀጥሉ። ቢያስመልሰው ግን ወደ ጎን አዙረው አፉን አጽድተው ይመልሱት።

ከዚያ የእጅዎን መዳፍ ተረከዝ ፍርምባው መካከል ላይ ያሳርፉ፤ ሌላውን እጅ በላዩ ይደርቡ፤ ክርንዎን ሳያጥፉ ለአዋቂ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ይጫኑ። ለሕፃናት የደረቱን ውፍረት ሲሶ ያህል ነው። ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ይሁን፤ በእያንዳንዱ ጭነት መካከል ደረቱ ሙሉ በሙሉ ይመለስ። ድምፅ አውጥተው እየቆጠሩ 30 ጊዜ ተጭነው ሁለት ጊዜ ይንፉ፤ ደግመው 30፣ ደግመው ሁለት። ይህ በእጅጉ ያደክማል፤ በየሁለት ደቂቃው ከጓደኛዎ ጋር ይፈራረቁ። እስኪተነፍስ ወይም ባለሙያ እስኪደርስ አይቁሙ። ጀልባው መሐል ሐይቅ ላይ ከሆነ ዳር እስኪደርስ አይጠብቁ፤ አንዱ ጀልባውን ይንዳ፣ ሌላው በወለሉ ላይ ይሥራ።

መተንፈስ ሲጀምር በጎኑ አስተኝተው እርጥቡን ልብስ አውልቀው በጋቢ ይጠቅልሉት። በእግሩ ተነሥቶ "ደኅና ነኝ" ቢልም ወደ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል፣ ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ወይም ወደሚቀርበው ጤና ተቋም ሊወሰድ ይገባል፤ ከሰዓታት በኋላ ሳልና የትንፋሽ ማጠር ሊከተል ይችላልና። ያን ልጅ ወደ ቤቱ ሰዳችሁት ከሆነ በዚያ ቀን ያደረጋችሁት ትልቁ ስሕተት እርሱ ነው።

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ነኝ። ተማሪዎቼ ለሽርሽር ወደ ሐይቁ ሲሄዱ እሰጋለሁ። አፍ ለአፍ መንፋት በሽታ አያስተላልፍምን? ለማያውቁት ሰው፣ በተለይም ወንድ ለሴት፣ ነውር አይሆንምን?

መልስ፦ እኅቴ፣ ይህን በግልጽ በመጠየቅዎ አመሰግንዎታለሁ፤ ብዙ እጆችን ወደ ኋላ የሚያስቀረው ይኸው ሐፍረት ነውና። በዚህ መንገድ በሽታ የመተላለፉ ዕድል እጅግ አነስተኛ ነው። የአንድ አቅጣጫ አየር ማስተላለፊያ ያለው የመንፊያ ጭምብል በጉዞ ቦርሳዎ ቢይዙ ደግሞ ሥጋቱም ሐፍረቱም ይቀላል። ጭምብሉ ባይኖርና መንፋቱ ፈጽሞ የማይቻል ቢሆን ደረት መጫን ብቻውን ምንም ካለማድረግ ይሻላል። ስለ ነውሩ ግን፣ የልጅቱን ልብስ ሳያወልቁ መጫንም መንፋትም ይቻላል፤ አጠገቧ ያለችው ሴት ጓደኛዋ ብትማር ደግሞ ጥያቄው ራሱ ይቀራል። ስለዚህ ወንዶቹንም ሴቶቹንም እኩል ያሠልጥኑ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ 300,000 ያህል ሰዎች በመስጠም ሞተዋል፤ ከእነርሱም ግማሽ የሚጠጉት ዕድሜያቸው ከ30 ዓመት በታች ነበር።

ጣና እጅግ ሰፊ ቢሆንም ጥልቁ ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው፤ ይህም "ዳር ዳሩ ምንም አይል" የሚያሰኝ አጉል ድፍረት ይሰጣል። ለመስጠም ግን ከቁመት ያለፈ ውኃ ይበቃል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣም ማዕበሉ ይበረታል። ስለዚህ ጉዞዎን በጠዋት ያድርጉ፤ የመንሳፈፊያ ጃኬቱም ከመቀመጫ ሥር ሳይሆን በእያንዳንዱ ተማሪ ደረት ላይ ታስሮ ይሁን።

ሥልጠናን በተመለከተ፣ በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የመጀመሪያ እርዳታ ያስተምራል፤ በባሕር ዳርም ቅርንጫፍ አለው። ትምህርት ቤትዎ በደብዳቤ ቢጠይቅ፣ የጀልባ ማኅበራትም እንዲሁ ቢያደርጉ መልካም ነው። በአሻንጉሊት ደረት ላይ በእጅ ያልተለማመዱት ነገር በድንጋጤ ሰዓት ከአእምሮ ይጠፋል፤ የተማሩትም በወራት ውስጥ ስለሚደበዝዝ ቢያንስ በየዓመቱ ይድገሙት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ አጭር ቁጥር 907 ነው፤ ከእርሱ ጋር የቅርንጫፉን ስልክ ዛሬውኑ በስልክዎ ይመዝግቡ። ሲደውሉም "ሐይቁ ዳር ነን" ብቻ አይበሉ፤ ማንጎ ፓርክ ከሆነ ማንጎ ፓርክ፣ ወደብ ከሆነ የትኛው ወደብ እንደሆነ ይንገሩና አንድ ተማሪ መኪናው በሚገባበት የአስፋልት ዳር ቆሞ እንዲጠብቅ ይላኩ።